ቅቤ እግር

ሾፌሮች ስም ሲያወጡ አይስቱም። ከሲታውን «ሽቦ» ይሉታል፣ ወሬኛውን «ሬዲዮ»፣ ሁልጊዜ የሚያረፍደውን «አምቡላንስ»። የእትዬን ሾፌር ግን «ቅቤ እግር» አሉት። በማሾፍ የተጀመረ ስም ነበር፤ እያደር ምስጋና ሆኖ ቀረ። ሰውዬው ሲነዳ ማርሹ መቼ እንደተቀየረ፣ ፍሬኑ መቼ እንደተያዘ ከኋላ የተቀመጠ ሰው አያውቅም። ጉድጓድ እንኳ አባብሎ ነው የሚያልፈው። ሌሎቹ ሾፌሮች አሠሪዎቻቸውን ሲጠብቁ በየጥላው ተሰብስበው ስለ ሞተር ጉልበት ይከራከራሉ፤ እሱ ዝም ይላል። እሱ የሚኮራው በጉልበት አይደለም፤ በእትዬ እንቅልፍ ነው።

እትዬ አሠሪው ናቸው። ዳኛ ባላቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው በየፊናቸው ተበትነዋል፤ ወገባቸውን ደግሞ ሐኪሞች ከፍተው፣ ብረት አስገብተው፣ በብሎን ጠርቅመውላቸዋል። ከዚያ ወዲህ መኪና መሳፈር ለእሳቸው ጭንቅ ነው። መኪናው ገጭ ባለ ቁጥር ያ ብሎን ነፍሳቸው ድረስ ይዘልቃል። ቅቤ እግር ሲነዳቸው ግን ገና ከሰፈር ሳይወጡ አንገታቸው ዘንበል ይላል፣ መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ለጥ ነው። እንግዳ ሲመጣባቸው «የእኔ ሾፌር ሲነዳ መኪናው የቆመ ነው የሚመስልህ» ይላሉ። እሱም ይህን በሰማ ቁጥር ለሚስቱ ሳይነግራት አያድርም።

የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ባሉት ሁለት የሰርቪስ ክፍሎች። ሥራው ሲሄድ ቤቱም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። ይህችን ነገር ልብ በሉ፤ ሰውዬው ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ይህችን እያሰበ ነው።

እንግዲህ ጉዱ የጀመረው ከጫማ ነው። ስኳር እንዳለበት ካወቀ ሰነባብቷል፤ ሻዩን መራራውን ይጠጣል፣ ክኒኑን ይውጣል፣ «እኔ እኮ ስኳሬን ፍሬን አስይዤዋለሁ» እያለ ይቀልዳል። አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ሚስቱ ካልሲው በደም ርሶ አየች። ጫማውን ገልብጣ ብታራግፈው የጠርሙስ ስባሪ ዱብ አለ።

«ይሄ ሲወጋህ አልተሰማህም?»

«ምኑ?»

ስባሪውን በመዳፏ ይዛ ዓይን ዓይኑን አየችው። ሲረግጠው የዋለ ነው። እንቢ እያለ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙም «ዓይንህን ጨፍን» አለውና የቀኝ እግሩን ጣቶች በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ «ይሰማሃል? ይሄስ?» ይለው ጀመር። ቅቤ እግር በግምት «አዎ፣ አዎ» አለ። ሐኪሙ መርፌውን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠው በኋላም «አዎ» አለ። ሚስቱ እዚያው ቆማ ስለነበር አንገቷን ደፋች። «መንዳት ብታቆም ነው የሚሻለው» አለው ሐኪሙ፤ ሌላም ብዙ ተናገረ፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም።

«ለእትዬ ንገራቸው» አለችው ሚስቱ ወደ ቤት ሲመለሱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ነግሬያቸውስ? የት እንገባለን?»

«እሳቸው እኮ ሰው ናቸው። ያዝኑልሃል።»

«ያዝኑልኝና ሌላ ሾፌር ይቀጥራሉ። ሾፌሩ የት ይደር? እኛ አልጋ ላይ።»

 እውነቱን ለመናገር እሷም ያንን ቤት ትወደዋለች። መስኮቱ ሥር የተከለቻቸው አበቦች ገና መፈንዳታቸው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ገጭ ማለት ጀመረች። ምን ታድርግ? አውቶማቲክ ናት፤ ማርሽ የምትመርጠው የነጂውን አረጋገጥ አይታ ነው። የደነዘዘ እግር ደግሞ ነዳጅ መስጫው ላይ ምን ያህል እንደተጫነ አያውቅም። አንዴ ያበዛል፣ አንዴ ጭራሽ ይለቃል፣ ደንግጦ ደግሞ ይጫናል። መኪናዋም ወደ ሦስት ልግባ ስትል ወደ ሁለት ትመለሳለች፣ ተመልሳ ሦስት ትገባለች፤ ገጭ። ከኋላ ወንበር «እህ» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ነቅተዋል።

«ምነው ዛሬስ?» አሉ።

«መኪናዋ ናት፣ እትዬ። ካምቢዮዋ ታሟል።»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ፤ ግን እትዬ «በል አሳያት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ» ሲሉት ደስ አለው። አንድ ሰው ጥፋቱን የሚጭንበት ትከሻ ሲያገኝ እንዴት ቀለል እንደሚለው መቼም ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጥበቃው፣ ለጎረቤቱ ሾፌር፣ ለሚስቱም ሳይቀር «ካምቢዮዋ ታሟል» ይላል። ሚስቱ ትክ ብላ ታየዋለች። እሱ ደግሞ ደጋግሞ ሲያወራው ቀስ በቀስ አመነው። ውሸትን መጀመሪያ የሚያምነው የሚያወራው ሰው ነው።

መኪናዋን ይዞ ወደ ባለማሽኑ ሄደ። ባለማሽኑ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ መሪ መያዝ ያስተማረው ራሱ ቅቤ እግር ስለነበር «ጋሼ» እያለ ነው የሚጠራው። በቅርቡ ከመዳፍ እምብዛም የማትበልጥ፣ ትንሽ መስኮትና ጥቂት ቁልፎች ያሏት ማሽን ገዝቷል። ገመዷ ከመሪው ሥር ካለች ሶኬት ላይ ይሰካል። ማርሽ መቼ ይቀየር፣ በምን ያህል ኃይል ይግባ፣ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ ምን ያህል ይቸኩል የሚለው ሁሉ በመኪናው ኮምፒዩተር ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ ያቺ ማሽን ገብታ ጽሑፉን ትቀይረዋለች።

ባለማሽኑ መጀመሪያ ራሱ ነድቶ ዞሮ መጣ።

«ምንም የላትም፣ ጋሼ። እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው።»

«ገጭ ትላለች እልሃለሁ።»

«እስቲ አንተ ንዳት።»

ቅቤ እግር ነዳት፤ ገጭ አለች። ባለማሽኑ ጎኑ ተቀምጦ የሚያየው ዳሽቦርዱን አልነበረም፤ ወደ ታች፣ ወደ ጫማው ነበር። ገጭ ባለች ቁጥር ያ ጫማ ነዳጅ መስጫው ላይ ሲንሸራተት አየ።  ያስተማረህን ሰው «እግርህ ሞቷል» አትለውም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ማሽኑን አነሳ።

«ገባኝ» አለ። «ጠባይዋን እናለሳልሰዋለን።»

ገመዱን ሰካ። ማሽኗ መጀመሪያ የመኪናዋን ዋና ጽሑፍ ገልብጣ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠች። ከዚያ ባለማሽኑ ነዳጅ መስጫውን አፈዘዘው፤ እግር ቢዘልም ሞተሩ ቶሎ እንዳይሰማ። ማርሹንም ዘግየት ብሎ፣ ለስለስ ብሎ እንዲገባ፣ ወዲያና ወዲህ እንዳይዋልል አደረገው። ሲነዷት ቀጥ አለች። ቅቤ እግር በደስታ መሪውን መታ መታ አደረገ።

«ይሄ ገና መጀመሪያው ነው፤ በየቀኑ እያየህ ትንሽ ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋል» አለ ባለማሽኑ፣ የትኛውን ቁልፍ መጫን እንዳለበት እያሳየው። «ማሽኗ ለጊዜው አንተ ጋ ትሁን። እኔ ጋ ብትቀመጥም አትሠራልኝም።»

«ለምን?»

«ከአንዷ መኪና ጋር ከተጋባች ሌላ አትነካም። ዋናውን ጽሑፍ መልሰህ እስክታፋታቸው ድረስ ታማኝ ሚስት ናት። ብቻ አታቆይብኝ፤ ለአንድ የፒካፕ መኪና ባለቤት ቃል ገብቻለሁ።»

ቅቤ እግር ማሽኗን በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ደበቃት። ጠዋት ጠዋት መኪና የሚያጥብ መስሎ ይገባና አንዲት ቁልፍ ይነካል፤ ነገ ደግሞ ሌላ። እግሩ በደነዘዘ ልክ መኪናዋን ያደነዝዛታል። የእትዬም እንቅልፍ ተመለሰ። መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ሲንሸራተት በመስታወቱ አይቶ እንባው ሊመጣ ደረሰ። ባለማሽኑ እየደወለ «ጋሼ፣ ማሽኔ?» ሲለው «ቆይ ትንሽ ይቀራታል» ይላል።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተወራ። ግን ሰው ደስ ሲለው አፉ አያርፍም።

በዚያን ሰሞን የእትዬ የእህት ልጅ ከሌላ ከተማ መጥታ ቤታቸው ገብታለች። ሠላሳዎቹን የተሻገረች፣ ትሠራበት የነበረው ድርጅት ተዘግቶ ሥራ የፈታች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ የሥራ ማመልከቻ ስትጽፍ ትውላለች፣ ማታ መልስ እንዳልመጣ ለአክስቷ ትነግራለች። አንድ ቀን ሁለቱን ይዞ ሲመለስ እትዬ በር ላይ ቆም አሉና «ለመሆኑ ምን አድርገህ ነው ያዳንካት?» አሉት።

«በኮምፒዩተር ነው፣ እትዬ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አሁን እንኳን እኔ፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ቢነዳት አትነቃነቅም።»

የእህት ልጅ ፈገግ አለች። እትዬ ከእሱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ መኪናዋ አዩ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሳሎን አስጠሩት። ቁጭ በል ሲሉት ነገሩ ደስ አላለውም፤ ስንት ዘመን አብሯቸው ኖሮ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

«ደክመሃል» አሉት። «አይቼሃለሁ፤ ስትራመድ እንኳ ትጎተታለህ። ይቺም ልጅ እጇን አጣጥፋ ስትቀመጥ ሆዴን ትበላዋለች። መንጃ ፈቃድ አላት። አንተም እንዳልከው መኪናዋ ድናለች፤ ማንም ቢነዳት አትነቃነቅም። እንግዲህ አረፍ በል።»

ክው አለ። 

«ክፍሉን ነገ ልቀቁ አልልም» ቀጠሉ እትዬ። «ዝናቡ እስኪያልፍ ተረጋግታችሁ ቤት ፈልጉ። በባዶ እጅህም አትሄድም።»

ያኔ እንኳ «እትዬ፣ እግሬ ታሟል» ማለት ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ ይጀምር? ካምቢዮው አልታመመም ነበር ሊል ነው? እያወቅሁ ወገብዎን ሳስመታ ነበር ሊል ነው? እጅ ነሥቶ ወጣ።

ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ማንም ቢነዳት አትነቃነቅም አልካቸው?» አለች።

«አልኩ።»

«በገዛ አፍህ።»

«ተይኝ እስቲ።»

ተወችው። ይህ ነው ያንገበገበው፤ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሲገላበጥ ያደረው ግን ስለ አፉ እያሰበ አይደለም፤ ስለ እህት ልጅ እያሰበ ነው። እኔ ለስልሼ ባዘጋጀኋት መኪና እሷ ልትንፈላሰስ! እኔ በዘየድኩት እሳቸው በእሷ እጅ ሊተኙ! አንጀቱ አረረ። እንግዲህ ካምቢዮዋ ታሟል የሚለውን ውሸት ስንት ጊዜ አውርቶታል፤ አምኖታል። ያዳናት ማሽኗ ናት፤ ማሽኗ ከወጣች ትታመማለች። ትታመምና እሱ ማን እንደነበር ይታወቅ።

ቁልፉን ሊያስረክብ ባለበት ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አጥባታለሁ ብሎ ወጣ። በደንብ አጠባት፤ መስታወቷን፣ ጎማዋን፣ የበሯን ጠርዝ ሳይቀር። ከዚያ ገባና ገመዱን ሰካ። መስኮቷ ላይ ጥያቄ መጣ። ፊደሉ የባዕድ ቢሆንም ትርጉሙን ባለማሽኑ አስተምሮታል፤ «ዋናውን ልመልስ?» ነው የምትለው። ጣቱን ቁልፉ ላይ አኖረ። ያኔ የእትዬ ወገብ ትዝ አለው። ያ ብሎን፣ ያ «እህ» የሚሉት ነገር ትዝ አለው። ትዝ ብሎትም ተጫነው።

ማሽኗን በዚያው ለባለማሽኑ አደረሰለት።

«ተፋቱ?»

«ተፋቱ።»

ባለማሽኑ ፊቱን አይቶ ሌላ አልጠየቀም። በዚያኑ ዕለት ማሽኗን ከፒካፑ ጋር አጋባትና ባለቤቱ ከነመኪናው ወደ አገሩ ይዟት ሄደ። አሁን ብትፈለግም የለችም።

የእህት ልጅ እትዬን ይዛ የወጣች ቀን ቅቤ እግር ወንበሩን አውጥቶ ከክፍሉ በር ላይ ተቀመጠ። ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። እትዬ ፊታቸው ጠቁሮ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ «ኧረ ያን ሰውዬ ጥሩልኝ» እያሉ ሲወርዱ በዓይነ ሕሊናው ታየው። ምን እንደሚመልስ እንኳ አዘጋጅቷል፤ ትንሽ እንቢ ብሎ ነው እሺ የሚለው። የግቢው በር ተከፈተ። መኪናዋ ገባች፤ ገባች ስላችሁ ፈሰሰች። የእህት ልጅ ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና ቅቤ እግርን ስታየው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከኋላ መስታወት ሥር የእትዬ አንገት ዘንበል ብሏል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው በሹክሹክታ። «እንዴት ያለች መኪና ነው ያስረከቡኝ።»

ወንበሩን አንስቶ ገባ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን። በመጨረሻ ለባለማሽኑ ደወለ።

«ማሽንህ ዋናውን አልመለሰችም» አለው።

«መልሳለች፣ ጋሼ። ባትመልስ ኖሮ ፒካፑን አትነካም ነበር።»

«ታዲያ መኪናዋ ለምን ገጭ አትልም?»

 «ያን ጊዜ ነግሬህ ነበር እኮ» አለ። «መኪናዋ መጀመሪያም ምንም አልነበረባትም።»

ቅቤ እግር ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። 

ከዚያ አንድ ቀን የእህት ልጅ ለሥራ ፈተና ተጠርታ በጠዋት ወጣች። እትዬ ደግሞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው። ምርኩዛቸውን ይዘው ራሳቸው እስከ ክፍሉ በር መጡ።

«እስቲ ዛሬን እንደ ድሮው ውሰደኝ» አሉት። «እውነቱን ልንገርህ፣ ናፍቀኸኛል። ዝም ብሎ የሚነዳ ሰው ናፍቆኛል፤ ይቺ ልጅ ወሬ ታበዛለች።»

 ኮቱን ሊያነሳ ሲገባ ሚስቱ መንገዱ ላይ ቆመች።

«አትሂድ።»

«ራሳቸው መጥተው እየጠሩኝ?»

«ለምን እንደምልህ ታውቃለህ። እሷ ስትመለስ ትውሰዳቸው። አሞኛል በላቸው።»

«አሞኛል ብል ኖሮ ድሮ እል ነበር» አላትና አልፏት ሄደ።

መሪውን ሲይዝ ነው ነገሩ የገባው። ማሽኗ የለችም። ለእሱ እግር ተብሎ የተለሰለሰው ሁሉ በገዛ ጣቱ ተፍቋል። ባይፍቀው ኖሮ ይህችን አንዲት መንገድ በሰላም ይነዳት ነበር፤ እትዬ ይተኙ ነበር፤ ማን ያውቃል፣ «ተመለስ» ይሉትም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።  እግሩን ነዳጅ መስጫው ላይ አኖረ፤ ያረፈ መሰለው፤ በጉልበቱ ገምቶ ተጫነ።

ከበሩ ብዙም ሳይርቁ ገጭ አለች።

«እህ» አሉ እትዬ።

«መኪናዋ…» ብሎ ጀመረ።

«መኪናዋ ምን?» አሉ። «ትናንት ምንም አልሆነችም።»

 ቀስ አለ፤ ቀስ ሲል ይብሳል። ገጭ አለች፣ ደግሞ ገጭ አለች። መስቀለኛው መንገድ ጋ ከፊቱ ያለው መኪና ሲቆም እግሩን ወደ ፍሬኑ አዛወረው፤ የተዛወረ መሰለው እንጂ ጫፉ ነዳጅ መስጫው ላይ ቀርቷል። መኪናዋ ወደ ፊት ተወነጨፈች። በድንጋጤ በግራ እግሩ ፍሬኑን ረገጠው። ከፊት ያለውን ለጥቂት ሳተው፤ እትዬ ግን የፊቱን ወንበር ጀርባ በሁለት እጃቸው ተመርኩዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስትንፋሳቸውን ውጠው ቀሩ። ድምፅ አላሰሙም። ይህ ከ«እህ»ው ይከፋል።

«ዳር ያዝ» አሉ ቆይተው።

አንድ ጎማ መሸጫ ሱቅ ፊት ለፊት አቆመ። እትዬ በሩን ራሳቸው ከፍተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው፣ በስንት መከራ ወረዱ። መጥተው የእሱን በር ከፈቱ።

«ጫማህን አውልቅ።»

«እትዬ…»

«አውልቅ አልኩህ።»

ወደ ጎን ዞሮ እግሩን አወጣና ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም። ጎማ ሻጩ ሥራውን ትቶ ያያቸዋል። የእግሩ ጣቶች ጠቁረዋል፤ የድሮው የጠርሙስ ቁስል እንኳ በወጉ አልዳነም።

«ዓይንህን ጨፍን» አሉት።

ጨፈነ። የምርኩዛቸው ጫፍ አስፋልቱ ላይ ሲነሳ ሰማ።

«ይሰማሃል?»

ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ክፍል፣ ሚስቱ፣ አበቦቿ በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ መጡበት።

«አዎ፣ እትዬ» አለ። «በደንብ ይሰማኛል።»

«ገና አልነካሁህም።»

ዓይኑን ሲገልጥ ምርኩዙ አየር ላይ ነው፤ ከእግሩ ጣቶች ራቅ ብሎ። እትዬ ፊታቸው አልተቆጣም። ያዘኑም አይመስሉም ነበር። የማያውቀውን ሰው እንደሚያይ ሰው ነው የሚያዩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ነገራቸው። ጫማውን በእጁ እንደያዘ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ማሽኗ፣ ካምቢዮዋ አለመታመሙን ነገራቸው። ዋናውን ስለመለሰባት ጠዋት ግን አልነገራቸውም። እሱን ለማንም አልነገረም።

«ወገቤን እያወቅህ» አሉት በመጨረሻ። 

ለእህታቸው ልጅ ደወሉላት። ልጅቱ የፈተና ተራዋ ሳይደርስ ጥላ፣ በታክሲ እያለከለከች መጣች። አክስቷን አቅፋ አስገባች፤ ቅቤ እግርን ደግሞ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብላ ከፊት፣ ከጎኗ አስቀመጠችው። በዚያች መኪና ውስጥ ከመሪው ሌላ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። የት እንደሚያያት ጠፍቶት እግሯን ማየት ጀመረ። ተራ ጫማ ያደረገ፣ ምንም ልዩ ነገር የሌለው እግር ነው፤ ሲጫን ይጫናል፣ ሲለቅ ይለቃል። መኪናዋም እንደተሠራችው ሆና፣ ማንም ሳይነካካት፣ ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት ስትገባ አትሰማም።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። እትዬ አልተኙም። መነጽራቸው ቦታው ላይ ነው፤ እሳቸውም ማጅራቱን ያያሉ። ቤት እስኪደርሱ ድረስ አልተኙም።

ግቢ ሲገቡ ሚስቱ ልብስ እያሰጣች ነበር። የመኪናዋን አገባብ፣ ማን የት እንደተቀመጠ አይታ የያዘችውን አንሶላ ሳታሰጣ ቆመች። እትዬ ከመኪናው ወርደው ወደ ቤት አልገቡም፤ ቀጥ ብለው ወደ እሷ ሄዱ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

ሚስቱ ከእትዬ ትከሻ በላይ ወደ ባሏ አየች። ቅቤ እግር ጫማውን እንደያዘ ቆሟል። ራሱን በጣም በቀስታ ነቀነቀላት፤ «አላውቅም በይ» ማለቱ ነው።

«አውቅ ነበር፣ እትዬ» አለች።

እትዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከእሷ የጠበቁት ሌላ መልስ ነበር መሰለኝ፤ ሲዞሩ ምርኩዙ ትንሽ ከድቷቸው የእህታቸው ልጅ ደገፈቻቸው።

«እንግዲያው ዝናቡን መጠበቅ አያስፈልግም» አሉና ገቡ።

 ሚስቱ አንሶላውን ቅርጫቱ ውስጥ መልሳ ከገመዱ ላይ ያሰጣችውን አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር፤ ሸሚዞቹን፣ ፎጣዎቹን፣ የእሱን ካልሲዎች። ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«አልደረቀም እኮ» አላት።

«እዚያ ይደርቃል።»

«እዚያ የት?»

 ካልሲዎቹን ጨምቃ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተቻቸው።